ከቨርጂኒያ ያገለገለ መኪና ገዝቶ ሜሪላንድ ላይ ታርጋ ማውጣት፦ ታይትል፣ ምርመራና ኢንሹራንስ ደረጃ በደረጃ

ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም ሃያትስቪል የሚኖር ሰው አሌክሳንድሪያ ካለ ግለሰብ መኪና ይገዛል። ዋጋው ጥሩ ነው፣ መኪናውም ደህና ነው። ከዚያ ግን ከኤምቪኤ፣ ማለትም ከሜሪላንድ የተሽከርካሪ መሥሪያ ቤት፣ መስኮት ሁለቴ ሦስቴ ይመለሳል። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ከሁለቱ አንዱ ነው፦ ወይ መጀመሪያ መሠራት ያለበት ኋላ ተሠርቷል፣ ወይ ታይትሉ ላይ ስም ወይም ቀን ተበላሽቷል። ስለዚህ ደረጃዎቹን በተጻፉበት ቅደም ተከተል ሂዱባቸው፣ አንዱን ሳትጨርሱ ወደሚቀጥለው አትለፉ።

ታይትል ሊብሬ አይደለም

አገር ቤት ሊብሬው ከመኪናው ጋር ይዞራል። እዚህ ሰነዱ ለሁለት ተከፍሏል። የባለቤትነቱ ወረቀት ታይትል ይባላል፤ ቤት ውስጥ ይቀመጣል እንጂ መኪና ውስጥ አይገባም። ፖሊስ ሲያስቆማችሁ የምታሳዩት ሬጅስትሬሽን ካርዱን ነው። ታይትል መኪና ውስጥ ትታችሁ መኪናው ቢሰረቅ ሌባው መኪናውን ከነወረቀቱ ወሰደ ማለት ነው።

ሻጩ «ታይትሉ ጠፍቷል፣ ሬጅስትሬሽኑን ልስጥህ» ካለ በዚያ ቀን ግዢ የለም። የቨርጂኒያ የተሽከርካሪ መሥሪያ ቤት ከሆነው ከዲኤምቪ ምትክ ታይትል ያውጣና ያኔ ተገናኙ።

ደረጃ 1፦ መኪናውን ለማየት ከመሄዳችሁ በፊት

1. የታይትሉን የፊትና የጀርባ ፎቶ እንዲልክላችሁ ሻጩን ጠይቁ። ያለ ምክንያት እንቢ የሚል ሻጭ ጋ አትድከሙ።

2. የሻንሲ ቁጥሩን፣ ማለትም ቪን የሚባለውን፣ ከፎቶው ላይ ገልብጡ። 17 ፊደልና ቁጥር ነው። ኦ፣ አይ እና ኪው የሚባሉት የእንግሊዝኛ ፊደላት በውስጡ አይገቡም፤ ስለዚህ ክብ ነገር ካያችሁ ዜሮ ነው፣ ቀጥ ያለ መስመር ካያችሁ አንድ ነው። ከግራ 10ኛው ምልክት የመኪናውን ሞዴል ዓመት ይናገራል።

3. በዚህ ቁጥር የታይትል ታሪኩን አስመርምሩ። ኤንኤምቪቲአይኤስ ከሚባለው የፌዴራል የታይትል መዝገብ መረጃ የሚሸጡ የተፈቀደላቸው ድረ ገጾች አሉ። የምትፈልጉት «ሳልቬጅ» (በጉዳት የተጣለ)፣ «ሪቢልት» (ከዚያ ተጠግኖ የተመለሰ)፣ «ፍለድ» (ጎርፍ የገባበት) የሚል ምልክት ነው። በአደጋ ወይም በጎርፍ የወደቀ መኪና ስቴት እየቀየረ ንጹሕ ታይትል ለማግኘት ይሞከርበታል፤ ዛሬ የያዛችሁት ወረቀት ንጹሕ መሆኑ ብቻ አያረጋጋም። ያልተሠራ የፋብሪካ ጥሪ (ሪኮል) ካለም በዚሁ ቁጥር የፌዴራል የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ከሆነው ከኤንኤችቲኤስኤ ድረ ገጽ በነጻ ታያላችሁ።

4. ለኢንሹራንስ ድርጅታችሁ ደውሉና በዚሁ ቁጥር ዋጋ አስወጡ። መኪናው 9,000 ዶላር ሆኖ ኢንሹራንሱ ከአቅማችሁ በላይ መሆኑን ከገዛችሁ በኋላ መስማት አትፈልጉም።

ደረጃ 2፦ ታይትሉን በእጃችሁ ይዛችሁ አንብቡ

ብርሃን ያለበት ቦታ ቁሙ፤ አትቸኩሉ።

የሻንሲ ቁጥሩን በሦስት ቦታ አመሳክሩ፦ ታይትሉ ላይ፣ በሾፌሩ በኩል ከፓራውልቱ ሥር ክሩስኮቱ ላይ ባለችው ትንሽ ሳህን፣ እና የሾፌሩ በር ሲከፈት በሚታየው ተለጣፊ ላይ። አንዲት ፊደል እንኳ ከተለየች አቁሙ።

ታይትሉ ላይ የተጻፈው ስም የሻጩ መሆኑን በመንጃ ፈቃዱ አረጋግጡ። «የወንድሜ መኪና ነው፣ እሱ ፈርሞልኛል» የሚለው ንግግር ብዙ ሰው ያቃጠለ ነው። ፊርማው አለ፣ የገዢው ቦታ ባዶ ነው፣ የሚሸጥላችሁ ግን ስሙ የትም የለም። ይህ የመንግሥት ታክስ ሳይከፈል በመሐል ሰው የተላለፈ መኪና ነው፤ ችግር ሲመጣ ተጠያቂ የምታደርጉት ሰው አታገኙም።

ሁለት ባለቤቶች ከተጻፉ ሁለቱም እንዲፈርሙ አድርጉ። በስሞቹ መሐል ያለው ቃል «ወይም» ከሆነ አንዱ ሊበቃ ይችላል፣ ሁለቱ ቢፈርሙ ግን የሚከራከራችሁ አይኖርም።

ከዚያ «ሊየን» የሚለውን፣ ማለትም መኪናው የብድር መያዣ መሆኑ የሚጻፍበትን፣ ቦታ ተመልከቱ። የባንክ ወይም የአበዳሪ ስም ካለ ብድሩ ማለቁን የሚያሳይ የአበዳሪው የጽሑፍ ማረጋገጫ ያስፈልጋችኋል። እዚህ ላይ የሜሪላንድ ታይትል ለብቻው ጥንቃቄ ይፈልጋል፦ በሜሪላንድ ብድር ያለበት ሰውም ታይትሉን በእጁ ይዞ ሊገኝ ይችላል። «ወረቀቱ እኔ ጋ ነው፣ ስለዚህ ዕዳ የለበትም» የሚለው ሙግት አይሠራም።

ደረጃ 3፦ ገንዘቡን ከመስጠታችሁ በፊት ኢንሹራንሱን አስጀምሩ

መኪናው ሜሪላንድ ውስጥ የሚመዘገብ ከሆነ ኢንሹራንሱም በሜሪላንድ እንዲሠራ ፈቃድ ካለው ድርጅት የተገዛ የሜሪላንድ ፖሊሲ መሆን አለበት። ቨርጂኒያ ሳላችሁ የያዛችሁት ፖሊሲ ካለ አድራሻ አስቀይራችሁ አዲስ አስወጡ።

የሜሪላንድ ዝቅተኛው የሦስተኛ ወገን ሽፋን 30/60/15 ተብሎ ይጻፋል። ለአንድ ሰው ጉዳት 30,000 ዶላር፣ በአንድ አደጋ ለተጎዱ ሁሉ 60,000፣ ለንብረት 15,000 ማለት ነው። ሦስተኛው ቁጥር ላይ ቆም ብላችሁ አስቡ። ቤልትዌይ ላይ አንድ አዲስ ኤስዩቪ ከኋላ ብትመቱ 15,000 ዶላር አይሸፍነውም፤ የቀረውን የሚጠየቀው የእናንተ ኪስ ነው። ከፍ ያለ ሽፋን የሚጨምረው ወርኃዊ ክፍያ ብዙ ጊዜ ሰው ከሚፈራው ያነሰ ስለሆነ ሁለቱንም ዋጋ አስነግራችሁ አወዳድሩ።

ሰው የሚሳሳትባቸው ሦስት ነገሮች አሉ።

አድራሻ። መኪናው የሚያድርበትን ትክክለኛ ቤት ስጡ። ርካሽ ነው ብላችሁ የዘመድ አድራሻ ካስመዘገባችሁ ኢንሹራንሱ የሚፈተነው አደጋ በደረሰ ዕለት ነው። ድርጅቱ ሐሰት መሆኑን ሲደርስበት ካሣውን ሊከለክልና ፖሊሲውን ሊሰርዝ ይችላል። ለዓመታት የከፈላችሁት አብሮ ይሄዳል።

ቤተሰብ። መንጃ ፈቃድ ያለው አብሮ የሚኖር ሰው ሁሉ ይጠቀስ። ከአገር ቤት የመጣ ወንድም ጊዜያዊ ቢመስልም ከእናንተ ጋር ከኖረና ከነዳ ተናገሩ።

ሥራ። ኡበር፣ ሊፍት ወይም የምግብ ማድረስ የምትሠሩ ከሆነ ተራ የግል ፖሊሲ አፑ ክፍት በሆነበት ሰዓት አይሸፍናችሁም። በተለይ አፑን ከፍታችሁ ጥሪ በምትጠብቁበት ሰዓት የኩባንያው ሽፋን ዝቅተኛ ነው፣ የግሉም ይሸሻል። «ራይድሼር» የሚባለውን ተጨማሪ ጠይቁና በጽሑፍ ያዙ።

ድርጅቶች አንቀበልም ካሏችሁ ሜሪላንድ ኦቶ የሚባል በስቴቱ ሕግ የተቋቋመ መድን ሰጪ አለ። ሁለት ድርጅቶች እንቢ ያሉትን ወይም አንዱ የሰረዘበትን ነዋሪ ያስተናግዳል። ዋጋው አይረክስም፣ ግን ያለ ኢንሹራንስ ከመንዳት ያድናል።

ደረጃ 4፦ ፊርማ

ባንክ ውስጥ ተገናኙ። ክፍያው ባንኩ ራሱ በሚያወጣው በካሸርስ ቼክ ይሁን፣ ቼኩም ሻጩ ፊት ይሠራ። በዚያውም ኖተሪ የሚያደርግ፣ ማለትም ፊርማ በሕግ የሚያረጋግጥ፣ ሠራተኛ ብዙ ጊዜ ይገኛል፤ ጥቅሙ ወደ ታች ይመጣል።

1. ታይትሉን በጥቁር ወይም በሰማያዊ እስክሪብቶ ሙሉ። አንዱ ብቻ ይጻፍ፤ ሁለት ዓይነት እጅና ሁለት ቀለም ጥያቄ ያስነሳል።

2. የገዢ ስም መንጃ ፈቃዳችሁ ላይ ባለው መልክ ይጻፍ። እኛ የምንቸገረው እዚህ ነው። አንዱ ወረቀት ላይ አበበ ከበደ ተሰማ፣ ሌላው ላይ አበበ ተሰማ፣ ኢንሹራንሱ ላይ ደግሞ ከበደ የቤተሰብ ስም ሆኖ ይገኛል። በእንግሊዝኛ ፊደል አጻጻፉም በየቦታው ይለያያል። መንጃ ፈቃዱን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጡና ፊደል በፊደል ገልብጡ፤ ኢንሹራንሱም በዚያው ስም መሆኑን ከዚያ በፊት አረጋግጡ።

3. ቀኑ በአሜሪካ አጻጻፍ ወር ይቀድማል። 7/3 ማለት ጁላይ 3 ነው። በለመደ እጃችሁ ቀኑን አስቀድማችሁ ማርች 7 ለማለት 7/3 ከጻፋችሁ ገና ያልደረሰ ሽያጭ ይሆንና መስኮቱ ላይ ትመለሳላችሁ።

4. የተነዳበትን ማይል ከሰዓቱ ላይ አንብባችሁ አስጽፉ። የ2011 እና ከዚያ ወዲህ ሞዴል ለሆኑ መኪኖች ይህ ለ20 ዓመት በፌዴራል ሕግ ግዴታ ነው። የአስርዮሽ ክፍሉ አይጻፍም።

5. ስሕተት ከተፈጠረ አትሰርዙ፣ በነጭ ቀለም አታጥፉ፣ በላዩ ላይ አትድገሙ። የተሰረዘ ታይትል ተቀባይነት ሊያጣ ይችላል፤ መድኃኒቱ ሻጩ ምትክ ማውጣቱ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ በሌላ ወረቀት ላይ ተለማመዱና ገልብጡ።

6. የሜሪላንድን የሽያጭ ውል ቅጽ፣ ቪአር-181ን፣ አትማችሁ ሂዱ። ታክሱ የሚወሰነው በእሱ ነው። መኪናው ከ7 ዓመት በታች ሆኖ የገዛችሁበት ዋጋ ያገለገሉ መኪኖች ዋጋ ከሚዘረዝረው የገበያ መጽሐፍ ግምት በ500 ዶላር ወይም ከዚያ በላይ ካነሰ፣ ገዢና ሻጭ ኖተሪ ፊት የፈረሙበት ቪአር-181 ከሌላችሁ ታክሱ በከፈላችሁት ሳይሆን በመጽሐፉ ዋጋ ይሰላል። ሻጩ ከሄደ በኋላ ለዚህ ፊርማ መፈለግ አድካሚ ነው።

ታይትሉ የቨርጂኒያ ከሆነ ማስተላለፊያው በኖተሪ መፈረም አያስፈልገውም። የፔንሲልቬንያና የኖርዝ ካሮላይና ታይትል ግን ያለ ኖተሪ አይሠራም፤ ቨርጂኒያ የሚኖር ሻጭ የሌላ ስቴት ታይትል ይዞ ሊመጣ ስለሚችል ከላይ የስቴቱን ስም አንብቡ።

ከመለያየታችሁ በፊት የተፈረመውን ታይትልና የሻጩን መንጃ ፈቃድ በስልክ ፎቶ አንሱ፣ የሚሠራ ስልክ ቁጥሩንም ያዙ።

ደረጃ 5፦ መኪናውን ወደ ቤት ማምጣት

የሻጩን ታርጋ ይዛችሁ አትንዱ። «እስከ ነገ ልዋስህ» የሚል ደግ ሻጭ ቢገጥማችሁም ታርጋው የእሱ ነው፣ እሱም ፈትቶ መያዝ አለበት። ካሜራ ቢያነሳችሁ ወይም ብትጋጩ መዘዙ ለሁለታችሁም ነው።

ያሉት መንገዶች ሦስት ናቸው። የቨርጂኒያ ዲኤምቪ ላልተመዘገበ መኪና እስከ 3 ቀን የሚያገለግል የጉዞ ፈቃድ ይሰጣል፤ ኢንሹራንስ ግን ቀድሞ መኖር አለበት። ወይም የሜሪላንድ ኤምቪኤ ታይትሉን አይቶ፣ ምርመራ ገና ላላለፈ መኪና የ30 ቀን ጊዜያዊ ታርጋ ይሰጣል። ሁለቱም ካልተመቹ በጭነት መኪና አስጭኑ።

ደረጃ 6፦ የሜሪላንድ ምርመራ

ፓራውልቱ ላይ ያለው የቨርጂኒያ ስቲከር ትናንት የተለጠፈ ቢሆንም ሜሪላንድ አይቀበለውም። የሜሪላንድ ስቴት ፖሊስ ፈቃድ የሰጠው ጋራዥ መሄድ ግዴታ ነው። ያገኛችሁት የምስክር ወረቀት ከተሰጠበት ቀን ጀምሮ ለ90 ቀን ይሠራል።

ብዙ መኪና የሚወድቀው በጎማ ጥርስ ማለቅ፣ በፍሬን፣ በመሪ እጆች ልልነት፣ በተሰነጠቀ ፓራውልት፣ በማርሚታ መሸንቆርና በመብራት ነው። የጎማ ጥርስ ከ2/32 ኢንች በታች መሆን የለበትም። ፍሬቻውን፣ የፍሬን መብራቱን፣ የታርጋ መብራቱን፣ ክላክሱን እና የዝናብ መጥረጊያውን ቤታችሁ ደጅ ራሳችሁ ሞክሩ፤ ለ10 ዶላር አምፖል ተብሎ ተመልሶ መምጣት ያሳዝናል።

ከወደቀ ጋራዡ ዝርዝር ይሰጣችኋል። በ30 ቀንና በ1,000 ማይል ውስጥ አሠርታችሁ እዚያው ከተመለሳችሁ የወደቁት ብቻ ይታያሉ። ካለፈ እንደ አዲስ ይጀመራል። ጥገናውን መርማሪው ጋራዥ ላይ የማሠራት ግዴታ የለባችሁም፤ ዋጋው ካልጣማችሁ ዝርዝሩን ይዛችሁ ሌላ መካኒክ ጋ ሂዱ።

ይህ ምርመራ ከጭስ ምርመራው የተለየ ነው። ቪኢአይፒ የሚባለው በሞንትጎመሪና በፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲዎችም ግዴታ ሲሆን በየሁለት ዓመቱ ነው፤ ጥሪው በፖስታ ይደርሳችኋል። የሞተር መብራት በርቶ ከገባችሁ ትወድቃላችሁ። መብራቱን በኮምፒውተር አጥፍቶ ወዲያው መሄድም አያዋጣም፦ ኮዱ ሲጠፋ ወይም ባትሪው ሲነቀል መኪናው ራሱን የሚፈትሽባቸው መቆጣጠሪያዎች ባዶ ይሆናሉ፣ መሣሪያውም «አልተዘጋጀም» ይላል። ጥፋቱን አሠሩና ለጥቂት ቀናት ከተማም ሀይዌይም ንዱት፣ ከዚያ ሂዱ።

ደረጃ 7፦ ኤምቪኤ መስኮት

ቀጠሮ በኢንተርኔት ያዙ። ቀጠሮ ከራቀባችሁ ፈቃድ ያላቸው የታግና ታይትል ቢሮዎች በአገልግሎት ክፍያ ይሠሩላችኋል። በዚህ ቅደም ተከተል ደርድራችሁ ሂዱ፦

1. የተፈረመው ታይትል፣ ዋናው
2. የታይትል ማመልከቻ፣ ቪአር-005
3. ቪአር-181
4. የምርመራ የምስክር ወረቀት
5. የኢንሹራንስ ድርጅቱ ስምና የፖሊሲ ቁጥር
6. መንጃ ፈቃድ
7. ብድር ከነበረ የአበዳሪው መልቀቂያ

የኤክሳይዝ ታክሱ ከጁላይ 1 ቀን 2025 ጀምሮ 6.5 በመቶ ነው። 9,000 ዶላር ለተገዛ መኪና 585 ዶላር ማለት ነው። የታይትልና የታርጋ ክፍያ ከዚህ በላይ ይጨመራል፤ ስለዚህ ገንዘቡን ሁሉ መኪናው ላይ አትጨርሱ። ከሻጩ ጋር ተስማምታችሁ ዋጋውን ዝቅ አድርጋችሁ አትጻፉ። የምትፈርሙት በሐሰት ምስክርነት ቅጣት ሥር ነው።

ያልተከፈለ የፓርኪንግ ወይም የቶል ቅጣት ስማችሁ ላይ ካለ ምዝገባው ይያዛል። ቀጠሮው ከመድረሱ በፊት ከፍላችሁ ደረሰኙን ያዙ።

ደረጃ 8፦ ታርጋው ከተሰጠ በኋላ ባለው ሳምንት

አዲሱን የታርጋ ቁጥር ቶል (የመንገድ ክፍያ) በሚከፈልበት የኢዚፓስ ሂሳባችሁ ላይ አስገቡ፤ አለዚያ ባለፋችሁበት ቶል ሁሉ የቪዲዮ ክፍያ ይመጣል። የኢንሹራንስ ካርዱ ላይ ያለውን የሻንሲ ቁጥር ከሬጅስትሬሽኑ ጋር ፊደል በፊደል አመሳክሩ። አንዲት ፊደል ከተሳሳተች የኤምቪኤ ኮምፒውተር መኪናችሁን ያለ ኢንሹራንስ ይቆጥረዋል።

እንዲህ ያለ ደብዳቤ ከደረሳችሁ አትጣሉት። ድርጅታችሁ ኤፍአር-19 የሚባለውን ማረጋገጫ እንዲልክ አድርጉ። ቅጣቱ ለመጀመሪያው 30 ቀን 200 ዶላር፣ ከዚያ በኋላ በየቀኑ 7 ዶላር ነው። 90 ቀን ቢቆይ 620 ዶላር ይሆናል፣ ታርጋውም ይታገዳል።

በተቃራኒው፦ ከሜሪላንድ ወደ ቨርጂኒያ

ቨርጂኒያ ከገባችሁ በኋላ መኪናውን ለማስመዝገብ ያላችሁ 30 ቀን ነው፤ የሜሪላንድ 60 ነው። ማመልከቻው ቪኤስኤ-17ኤ ይባላል። ዝቅተኛው ሽፋን ከጃንዋሪ 1 ቀን 2025 ጀምሮ 50/100/25 ሆኗል፣ ስለዚህ የሜሪላንዱ 30/60/15 አይበቃም። ቀድሞ 500 ዶላር ከፍሎ ያለ ኢንሹራንስ መንዳት ይቻል ነበር፤ ያ አሠራር በጁላይ 2024 ተሰርዟል። አንዳንድ ሰው አሁንም ስለሚያወራው ተጠንቀቁ።

በሰሜን ቨርጂኒያ የጭስ ምርመራው ከምዝገባ በፊት ያልፋል፣ የደኅንነት ምርመራው በየዓመቱ ነው። የጥቁር መስታወት ሕጉ ይለያል፦ ሜሪላንድ የፊት በሮች መስታወት 35 በመቶ ብርሃን ካስገባ ይፈቅዳል፣ ቨርጂኒያ 50 በመቶ ይጠይቃል። ሜሪላንድ ያለፈው መስታወት ቨርጂኒያ ይወድቃል።

ለካውንቲው ወይም ለከተማውም ለብቻ ማሳወቅ አለባችሁ። ቨርጂኒያ ውስጥ በመኪና ላይ የሚከፈል ዓመታዊ የንብረት ግብር አለ፤ ሜሪላንድ የለውም። ከቨርጂኒያ ስትወጡም ለዚያው ጽሕፈት ቤት ካልነገራችሁ ግብሩ ይቀጥላል።

መኪናችሁን ይዛችሁ ወደ ሜሪላንድ ከተዛወራችሁ

ሽያጭ ስለሌለ ቪአር-181 አያስፈልግም፣ ምርመራው ግን አይቀርም። በ60 ቀን ውስጥ ከመጣችሁ በቀድሞው ስቴት የከፈላችሁት ታክስ ይታሰብላችኋል፤ ቀኑን አታሳልፉ። ብድር ያለበት መኪና ከሆነ ታይትሉ አበዳሪው ጋ ሊሆን ስለሚችል በገባችሁ ሳምንት ደውላችሁ ለኤምቪኤ እንዲልክ ጠይቁ፤ ሳምንታት ሊፈጅ ይችላል።

የአሮጌውን ታርጋ ቅደም ተከተል አታዛቡ፦ አዲሱ ኢንሹራንስ ይጀምር፣ አዲሱ ታርጋ ይሰቀል፣ አሮጌው ታርጋ ለሰጠው ስቴት ይመለስ ወይም ይዘጋ፣ ደረሰኙ በእጃችሁ ይግባ፤ አሮጌው ኢንሹራንስ የሚሰረዘው ከዚያ በኋላ ብቻ ነው። ታርጋው በስማችሁ ክፍት ሆኖ ኢንሹራንሱ ከተቋረጠ፣ መኪናው ባይንቀሳቀስም ቅጣቱ ይቆጥራል።